ቦቢ ለምን ነከሰ?

ባለፈው ዓመት በመስቀል ቤታችን ሞልቶ ነበር። መቼም በእኛ በካፋ መስቀል የተበተነ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ልጄ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ከባለቤቱና ከአራት ዓመት ሴት ልጁ ጋር መጥቷል። ከእኔ ጋር የሚኖረው የሴት ልጄ ልጅ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እንግዶቹን እንሰቱንና ዶሮውን በማስጎብኘት ተጠምዷል። እኔ ጓዳ ሆኜ ቡና እየቆላሁ ሳለሁ ከበረንዳው በኩል አጭር ጩኸት ሰማሁ። መጀመሪያ የውሻ፣ ቀጥሎ የልጅ።

ሮጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ጉልበቴ መሮጥ ካቆመ ቆይቷል። ግን የቻልኩትን ያህል ፈጥኜ ወጣሁ። ትንሿ የልጅ ልጄ እጇን ይዛ ታለቅሳለች። ውሻችን ቦቢ ጥግ ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ደፍቷል። በኋላ እንደተረዳነው ልጅቷ እንደ ፈረስ ልትጋልበው ጀርባው ላይ ተቀምጣበት ነበር። እሱም ዘወር ብሎ እጇን ነከሳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ነክሶ የማያውቅ ውሻ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በዲፕሎማ ተመርቄ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ስላሳለፍኩ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሲስተር» ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ከጭንቅላቴ በፊት እጄ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷን ወደ ቧንቧ ወስጄ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ። እናቷ «ይበቃል እማማ፣ አመማት እኮ» ስትለኝ ሰዓቴን እያየሁ «ገና ነው» አልኳት። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ቆዳው ሁለት ቦታ ተበስቶ ጥቂት ደም ወጥቷል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን የቁስል ትንሽና ትልቅ አይመርጥም። ያው በበዓሉ ቀን ቦንጋ ወሰድናት፤ ሐኪሞቹ አይተው ክትባቱን በዚያው ቀን ጀመሩላት።

«ውሻው ተከትቧል?» ተብለን ስንጠየቅ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቦቢ ከተከተበ ሁለት ዓመት አልፎታል። በየዓመቱ አስከትበው ነበር፤ ጉልበቴ ሲብስብኝ አንዱን ዓመት አለፍኩት፣ ቀጣዩንም ረሳሁት። ስንቱን እናት «የልጅሽ ክትባት ለምን አለፈ?» ብዬ የተቆጣሁ ሰው መልስ አጣሁ።

«እንዳትገድሉት፣ እንዳትለቁትም» አሉን። «ለብቻው አስራችሁ አሥር ቀን ተመልከቱት።» ምክንያቱ ይህ ነው፦ ውሻው በነከሰበት ሰዓት በሽታውን በምራቁ የሚያስተላልፍ ከነበረ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ራሱ ታሞ ይሞታል። አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከጨረሰ ልጅቷ ከእሱ በሽታው አልደረሰባትም ማለት ነው። በንዴት ወዲያው የሚገድሉ ሰዎች ይህን ማረጋገጫ አብረው ይቀብሩታል።

ማታ ልጄ በቀስታ፣ ግን በማያወላዳ ድምፅ ተናገረኝ። «እማዬ፣ አሥሩ ቀን ሲያልቅ ይህ ውሻ ከዚህ ቤት ይውጣ።» አሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ሰማ። ምግቡን ትቶ ተነስቶ ሄደ።

«አርጅቷል ስላልሽኝ ነው»

በደካ ውሻ ለጌጥ አይያዝም። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንኮራበታለን። ደኑ የዓለም ሀብት ነው፤ ከደኑ ወጥቶ በቆሎ የሚበላው የዱር አሳማ ግን የእኛው ጣጣ ነው። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት አሳማና ጃርት ይመጣል። በቆሎ በሚያሸትበት ወቅት ያለ ውሻ ማሳ መጠበቅ አይታሰብም። ቦቢ ቡችላ ሆኖ ከመጣ ጀምሮ ሥራው ይህ ነበር። በተጨማሪም የልጅ ልጄን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኝቶት ይመለስ ነበር። ይህን ማንም አላዘዘውም።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «እምዬ፣ ቦቢ እኮ ክፉ ሆኖ አይደለም። አሞት ነው» አለኝ። ምኑን እንደሚያመው ስጠይቀው እንደ ጥሩ ተማሪ ዘረዘረልኝ። የበረንዳውን ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ከጎን ካለው ዳገት ነው የሚዞረው። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ይዘረጋና የኋላዎቹን ለማንሳት ብዙ ይቆያል። የግራ የኋላ ጉልበቱን ይልሳል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኘው መንገዱ አጋማሽ ላይ ካለችው ድልድይ ይመለሳል። ሲቀመጥ ግራ እግሩን ወደ ጎን ይዘረጋል እንጂ አያጥፈውም።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ነግሬሽ ነበር። አርጅቷል ስላልሽኝ ነው የተውኩት።»

እውነቱን ነው፣ ብዬዋለሁ። ለእርጅና መድኃኒት የለውም ብዬ አልፌዋለሁ። ስንት አሮጊት «ወገቤን፣ ጉልበቴን» እያሉ መጥተው ከወጣት ሐኪም «እማማ፣ ዕድሜ ነው» የሚል መልስ ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ይህ መልስ ሲሰጠኝ ምን ያህል እንደሚከፋኝ አውቃለሁ። እርጅና በሽታ አይደለም። ሕመም ግን ሕመም ነው፤ ከእርጅና ጋር ቢመጣም መታየት አለበት።

ያን ቀን ቦቢን ከሩቅ ሆኜ ተመለከትኩት። በክትትል ላይ ያለን ውሻ መነካካት ስለማይገባ አልቀረብኩትም። ሲራመድ ግራ እግሩን ቶሎ ያነሳዋል፤ የግራ ጭኑ ከቀኙ ቀጥኗል። ያልተሠራበት ጡንቻ ይከሳልና፣ ይህ የሳምንት ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ማሳ ውስጥ የዱር አሳማ ወርውሮት አንድ ወር ያህል አንክሶ ነበር። ከዚያ ማንከሱ ሲቀንስ «ዳነ» ብለን ረሳነው።

ጎረቤቶች በየተራ መከሩኝ። አንዱ ጉልበቱን በጋለ ብረት እንተኩሰው አለ። ሌላው የታወቀ ወጌሻ እንዳለ ነገረኝ። ሁለቱንም እምቢ አልኩ፤ ተገቢም ነበር። መተኮስ በሕመም ላይ ቃጠሎ ይጨምራል እንጂ መገጣጠሚያ አያድንም። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው የልጅ እጅ ደም አጥቶ ጠቁሮ ሲመጣ በሥራ ዘመኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ሁሉንም በዕውቀት ማማ ላይ ሆኜ ከመለስኩ በኋላ፣ ከሁሉም የባሰውን ስህተት እኔው ሠራሁት።

የሠራሁት ስህተት

ለጉልበቴ ሐኪም ያዘዘልኝ 50 ሚሊ ግራም ዳይክሎፌናክ ነበረኝ። «እኔን ካሻለኝ እሱንም ያሽለዋል» ብዬ አሰብኩ። አንድ ፍሬ በቆጮ ጠቅልዬ ጣልኩለት፤ ዋጠው። ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሰጠሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለመደበቅ ብዬ ሳይሆን ነገሩን ከቁም ነገር ስላልቆጠርኩት ነው። በመጀመሪያው ቀን እንዲያውም ቀለል ብሎት ስላየሁ ደስ አለኝ።

ከነከሰ በአራተኛው ቀን ጠዋት ቦቢ ምግቡን አሸትቶ ተወው። ረፋድ ላይ አስታወከ። ከሰዓት በኋላ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሆነ። አንገቱን ደፍቶ፣ ከአፉ ምራቅ እየወረደ፣ ጥጉን ይዞ ተኛ።

ቤቱ ተረበሸ። አስቡት፤ አንድ ሕፃን ነክሶ በክትትል ላይ ያለ፣ የክትባት ጊዜው ያለፈበት ውሻ፣ በአራተኛው ቀን መብላት አቁሞ ምራቁ ይወርዳል። ምራቷ እናት ልጅቷን አቅፋ ታለቅሳለች። ልጄ ፊቱ አመድ መስሎ «እማዬ፣ አብዷል ማለት ነው?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ያን ጥቁር ሰገራ ሳይ አወቅኩት። በሰው ላይ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው፤ ጨጓራ ሲደማ የሚመጣ ነው። የምራቁም መውረድ ከማቅለሽለሽ ሊሆን ይችላል። ግን ለማስረዳት ምን እንዳደረግኩ መናገር ነበረብኝ። አፌ ተሳሰረ። ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛን «ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወሰድክ? እውነቱን ንገረኝ» እያልኩ ኖሬ፣ ለራሴ ልጅ እውነቱን ለመናገር ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የልጄ ሚስት ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብላ ታስብ ነበር። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ተናገርኩ። ልጄ ምንም አላለኝም። ተነስቶ በሞተር ሄደና የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣ።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። መጀመሪያ ወፍራም ጓንት አጠለቀ፤ ማንም እንዳይጠጋ አዘዘ። «ሲስተር፣ ምን ሰጡት? ስንት ፍሬ?» አለኝ። ባዶውን የመድኃኒት ካርድ አሳየሁት። «ስላልደበቁኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው አይናገርም፣ እኛም በጨለማ እንዳክራለን» አለ። ድዱን ከዳር ገለጥ አድርጎ አየው፤ ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ ነጣ ብሏል። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጠው፤ ለጨጓራው መድኃኒት አዘዘለት። «ምልክቱ የመድኃኒቱን ይመስላል። ቢሆንም አሥሩ ቀን እስኪሞላ እንደ ተጠርጣሪ ነው የምናየው። የልጅቷ ክትባትም አይቋረጥ» ብሎ አስጠነቀቀን።

ከዚያ ቆም ብሎ አስረዳኝ። እነ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን ሕመምን የሚያስታግሱት ብግነት የሚያመጣውን ንጥረ ነገር በማገድ ነው። ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቅ፣ ለኩላሊትም ደም የሚያደርስ ነው። የውሻ አካል እነዚህን መድኃኒቶች እንደ እኛ አያስተናግድም፤ አንዳንዶቹ ሰውነቱ ውስጥ ከእኛ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ስለዚህ ለሰው ልክ የሆነው መጠን ውሻን ሊያቆስል፣ ኩላሊቱን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል። ፓራሲታሞልም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ለድመት ደግሞ አንድ ፍሬ እንኳ ገዳይ ነው። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ከእነዚህ ጋር ከተደረበ አደጋው ይባባሳል። ይህን ሁሉ ሳልጠይቅ አለማወቄ አሳፈረኝ። ነርስነቴ የሰው ነርስነት ነው፤ ለውሻ ግን እንደማንኛውም ሰው መጠየቅ ነበረብኝ።

ልጄና ቤተሰቡ የልጅቷን የክትባት ካርድ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ቀጠሮዋን እዚያ ቀጠለች። እኔና የልጅ ልጄ ቀን መቁጠር ያዝን። በስድስተኛው ቀን ቦቢ ውሃ ጠጣ። በሰባተኛው ቀን ሾርባ ላሰ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ቦርሳውን ሲያነሳ ቦቢ በገመዱ ልክ ተነስቶ ጅራቱን አወዛወዘ። ስልኩን አንስቼ ለልጄ ደወልኩ። ዝም ብሎ ቆየና «ይቆይ እንግዲህ» አለኝ። «ግን ሕፃን በመጣ ቁጥር የራሱ በር ያለው አጥር ይኑረው።» ተገቢ ነበር፤ በዚያው ሳምንት አሠራነው። ቦቢም ጥንካሬው ሲመለስ ተከተበ።

ይህን የምጽፈው በዕድሜዬ ያየሁትን ስለማልረሳ ጭምር ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ በውሻ የተነከሰ ሰው ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፤ ብዙዎችም ለዚሁ አዲስ አበባ ፓስተር ድረስ ይላኩ ነበር። ዘግይቶ የመጣውንም አይቻለሁ፤ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው ይገድላል፤ ሰው ከሚያዝባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከሚሞቱት ውስጥ አርባ ከመቶ ያህሉ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ሕመሙን እንዴት እናውቃለን?

ቦቢ ሲያገግም ሐኪሙ በደንብ መረመረው። ሙቀቱን ለክቶ 38.8 ሲል «ትኩሳት አለው!» ብዬ ደነገጥኩ። ሳቀብኝ። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለእኛ ትኩሳት የሆነው ለእሱ ጤና ነው። የግራ ጉልበቱን ሲመረምር ደግሞ ውስጥ ያለው ጅማት ከዱሮ ተበጥሶ መገጣጠሚያው ሳይጸና መቅረቱን፣ በዚያም ላይ ቁርጥማት መግባቱን ነገረኝ። ይህ ጅማት በውሾች የኋላ እግር ላይ በብዛት ከሚጎዱት አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው በእኛ አካባቢ የለም፤ ስለዚህ ከሕመሙ ጋር በደህና እንዲኖር ማድረግ ነው ያለን አማራጭ።

ውሻ አመመኝ ብሎ አይጮህም። በአብዛኛው ዝም ይላል። ስለዚህ ልማዱን ማየት ያስፈልጋል። ከተኛበት ሲነሳ ይቸገራል? ደረጃ ወይም ቦይ መዝለል ትቷል? አንድ ቦታ ደጋግሞ ይልሳል? ሲነኩት ያጉረመርማል? በአንድ በኩል ጥፍሩ ረዝሟል? የፊት እግሩን ካመመው ሲራመድ ጭንቅላቱን ልብ በሉ፤ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ይላል።

ማንከስ ሁሉ ግን ቁርጥማት አይደለም። መጀመሪያ መዳፉን እዩ፤ እሾህ፣ የጃርት ወስፌ ወይም ሙጀሌ ሊሆን ይችላል። ሙጀሌ ሰው ብቻ ሳይሆን ውሻም ይይዛል፤ በአንድ ግቢ ውሻው ካለበት ልጆቹም አይተርፉም። መዥገር የሚያመጣቸው በሽታዎችም መገጣጠሚያን ያሳምማሉ። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አትርሱ፦ የውሻው የኋላ እግሮች በድንገት ከከዱት፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ምራቁ ከወረደ፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመቆጣትና በመናከስ አይጀምርም፤ ሽባ እያደረገም ይመጣል።

አደጋ ሲደርስ

በሞተር ወይም በባጃጅ ሲገጭ፣ አሳማ ሲወጋው፣ ወጥመድ ሲይዘው፣ የራሳችሁ ውሻም ቢሆን በሕመም ሊነክሳችሁ ይችላል። የሚያስታውክ ወይም መተንፈስ ያቃተው ካልሆነ አፉን በፋሻ ወይም በሻሽ ቀለል አድርጋችሁ እሰሩ። የሚደማውን በንጹህ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ። የተሰበረ የሚመስለውን እግር አትጎትቱ፣ አታቃኑ፤ በጣውላ ወይም በበር መዝጊያ ላይ አስተኝታችሁ ውሰዱት። ድጋፍ ማሰር ግድ ከሆነ ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ የሚይዝ ይሁን፤ ከሥሩ ጥጥ ይኑረው። ጣቶቹ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ማሰሪያው ጠብቋልና ፍቱት። ለአዲስ እብጠት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግ ይረዳል። ሙቅ ጨርቅ የሚሆነው ለቆየ መድረቅ ነው።

ቦቢ ዛሬ

አሁን የምናደርገው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የመጀመሪያው መኝታው ነው። የካፋ ዝናብ መቼም የታወቀ ነው፤ እርጥብ መሬትና ሲሚንቶ ለመገጣጠሚያ ጠላት ናቸው። የልጅ ልጄ ከቁርጥራጭ ጣውላ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ሠራለት፤ በላዩ ደረቅ ሣር የሞላ ጆንያ አለ፤ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከደረጃው ጎን ደግሞ ጆንያ የተቸነከረበት ተዳፋት ጣውላ አስቀመጥን። እውነቱን ለመናገር እኔም የምወርደው በእሱ በኩል ነው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ማሳ ጥበቃውን ለወጣት ውሻ አስረክቧል። ግን ቀኑን ሙሉ አይታሰርም፤ የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ጠዋትና ማታ አጭር፣ ዝግ ያለ ጉዞ ያደርጋል፤ ሩጫና ዝላይ የለም። ከመንገድ በፊት ልጁ በሞቀ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ጉልበቱ ላይ ያደርግለታል፤ ሙቀቱን መጀመሪያ በራሱ ክንድ ላይ ይሞክረዋል። ጥፍሩንም እንቆርጣለን፤ የረዘመ ጥፍር አረማመዱን ያበላሻል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። የገጠር ውሻ ብዙም አይወፍርም፤ ታስሮ ትርፍራፊ የሚበላ የከተማ ውሻ ግን ይወፍራል። በአሜሪካ በ48 ላብራዶር ውሾች ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል፤ ከእኩያቸው ሩብ ያህል ቀንሶ የተሰጣቸው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ፣ ቁርጥማቱም ዘግይቶ መጣባቸው። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ ግን ከሩቅ የማይቆጠር ውሻ ልኩ ነው።

መድኃኒት ሲያስፈልግ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ የለካውን ለውሻ የሚሆነውን ሜሎክሲካም፣ ጨጓራው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ፣ ከምግብ ጋር፣ ሕመሙ ለሚጠናበት ጥቂት ቀናት ብቻ አዘዘ። ምግብ እምቢ ካለ ወይም ካስታወከ ወዲያው ይቆማል። የእኔ ዳይክሎፌናክ አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ለአያቶችና ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ልጆች ስለ ውሻው የሚነግሯችሁን ስሙ፤ ከእኛ ይልቅ ወደ መሬት የቀረቡ ስለሆኑ እኛ የማናየውን ያያሉ። ውሻ ላይ መቀመጥ፣ ሲተኛና ሲበላ መንካት እንደማይገባ ከመከሰቱ በፊት አስተምሯቸው። የውሻችሁን የክትባት ቀን ደግሞ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ እዩት፤ ካለፈ እንደ እኔ ነገ አትበሉ።

ለፋሲካ ልጄ ልጅቷን ይዞ መጣ። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ቦቢን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ልጅ ዞራ «ዛሬ ጉልበቱን አሞታል?» ብላ ጠየቀች። «ትንሽ» አላት። «እሺ ነገ እነካዋለሁ» ብላ ወደ ቤት ገባች። ልጄ አጠገቤ ነበር። የበረንዳውን ተዳፋት ጣውላ ይዤ ስወርድ ዓይቶ ክንዴን ያዘኝና «እማዬ፣ ያንቺ ጉልበትስ?» አለኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ «ዕድሜ ነው» ብዬ አላለፍኩትም። ነገርኩት።